ፎቶ ሴቭ ስታደርጉ «ዌብፒ» የሚል ፋይል ለምን ይመጣባችኋል?

ይሄ ያልገጠመው ሰው ያለ አይመስለኝም። ከጉግል ላይ ፎቶ ሴቭ ታደርጋላችሁ፣ ጋለሪ ውስጥ ይታያል፣ ሁሉም ሰላም ነው። ከዚያ የስራ ማመልከቻ ፎርም ላይ ልታያይዙት ወይም ፎቶ ቤት ልካችሁ ልታሳትሙት ስትሉ እምቢ ይላል። የፋይሉን ስም ስታዩ መጨረሻው ጄፒጂ አይደለም፣ ዌብፒ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ወይ ተበላሽቷል ወይ ቫይረስ ነው ብሎ ያጠፋዋል።

አልተበላሸም። እንዲያውም ዌብፒን በየቀኑ ትልካላችሁ፣ ስሙን አታውቁትም እንጂ። ቴሌግራም ላይ የምትላላኩት የማይንቀሳቀስ ስቲከር ዌብፒ ነው። የዋትስአፕ ስቲከርም እንደዚያው፣ 512 በ512 ፒክስል የሆነች ትንሽ የዌብፒ ፋይል ናት።

እና ይሄ ነገር ምንድነው? ጄፔግ (ጄፒጂ የምንለው ያው እሱ ነው) ምን ጎደለው? ዛሬ ይህንን እናያለን። የሚመለከተው ደግሞ የኮምፒውተር ተማሪ ብቻ አይደለም። ዶርዜ ላይ ጥበብ ሰርቶ በቴሌግራም ቻናል የሚሸጠውንም፣ ስኮላርሺፕ የሚሞላውንም፣ በካርድ ኢንተርኔት የሚጠቀመውንም ይመለከታል።

መጀመሪያ ሒሳቡ። 12 ሜጋፒክስል ካሜራ ያለው ስልክ አንድ ፎቶ ሲያነሳ 4000 በ3000፣ ማለትም 12 ሚሊዮን ነጥብ ይመዘግባል። እያንዳንዱ ነጥብ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ አንድ አንድ ባይት ይይዛል። 12 ሚሊዮን በ3 ሲባዛ 36 ሚሊዮን ባይት፣ ወደ 36 ሜጋ ማለት ነው። ባለ 100 ሜጋ ፓኬጅ ብትገዙ ሁለት ፎቶ ልካችሁ ሦስተኛው መንገድ ላይ ይቀራል። ጋለሪያችሁ ውስጥ ግን ያው ፎቶ 3 ወይም 4 ሜጋ ብቻ ሆኖ ነው የምታገኙት። የቀረው የት ሄደ?

ተጨምቆ ነው። መጨመቅ ደግሞ ሁለት አይነት አለው። አንደኛው ጋቢን አጣጥፎ ሻንጣ ውስጥ እንደመክተት ነው፤ ስትዘረጉት ሙሉው ጋቢ ይመለሳል፣ አንድ ክር አይጎድልም። ፒኤንጂ የሚባለው ፎርማት እንደዚህ ይሰራል። ሁለተኛው ሻንጣው እንዲዘጋ ብሎ የማይታይ የመሰለውን ጫፍ በመቀስ መቁረጥ ነው። የተቆረጠው አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ1992 ስታንዳርድ የሆነው ጄፔግ ቆራጭ ነው። ዛሬም አብዛኛው የስልክ ፎቶ የሚቀመጠው በእሱ ነው፣ ሰላሳ ዓመት አልፎት ማለት ነው። ጥሩ ዕድሜ ነው ለአንድ ፎርማት።

ምን እንደሚቆረጥ ለማየት ሸቻ ጫፍ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች ያነሳችሁትን ፎቶ አስቡ። ሁላችንም ጋ አለ። በግራ ቀላ ያለው አባያ፣ በቀኝ ጫሞ፣ መሃል የእግዜር ድልድይ፣ ከላይ ሰማይ። ሰማዩ ላይ አንድ ነጥብና ጎረቤቱ ምንም ልዩነት የላቸውም። ስለዚህ ሚሊዮን ጊዜ «ሰማያዊ፣ ሰማያዊ» ብሎ ከመጻፍ «ከዚህ እስከዚያ ያው ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ከታች ያለው ጫካ ግን እያንዳንዱ ቅጠል የራሱ ጥላና ብርሃን አለው። እሱን ለማሳጠር ያስቸግራል። በአንድ ስልክ፣ በአንድ ቀን የተነሱ ሁለት ፎቶዎች አንዱ 2 ሜጋ ሌላው 5 ሜጋ የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰማይ የበዛበት ይቀላል፣ ቅጠል የበዛበት ይከብዳል።

ጄፔግ ይህንን የሚያደርገው ፎቶውን 8 በ8 ነጥብ የሆኑ ትንንሽ ሳጥኖች ከፋፍሎ ነው። በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ቀስ ብሎ የሚቀየረውን ነገር ይይዛል፣ በጣም ደቃቁን ይጥላል። ብዙ እንዲጥል ስታስገድዱት ሳጥኖቹ ራሳቸው መታየት ይጀምራሉ። በደንብ የተጨመቀ ፎቶ ስታጎሉ ቼዝ ሰሌዳ የሚመስለው ነገር እሱ ነው።

ሌላም ዘዴ አለው፣ ይሄኛው በተለይ እኛን ይነካል። የሰው ዓይን የብርሃን ልዩነትን በደንብ ያያል፣ የቀለም ልዩነትን ግን ያን ያህል አይለይም። ስለዚህ ጄፔግ አብዛኛውን ጊዜ ብርሃኑን ለእያንዳንዱ ነጥብ ይመዘግብና ቀለሙን ለአራት ነጥብ አንድ ጊዜ ብቻ ይጽፋል። አራቱ ነጥቦች ቀለም ይጋራሉ። ፊት ላይ ወይም ሰማይ ላይ ማንም አያውቅበትም።

አሁን ድንጉዛን አስቡ። ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር፣ ቀጭን መስመር ከቀጭን መስመር ጎን፣ ድንበሩ እንደ ምላጭ የተቆረጠ። ይህንን ሙሉ ልብስ ከርቀት ስታነሱት፣ ከዚያም ቴሌግራም ሲያሳንሰው፣ አንዱ መስመር ሁለት ሦስት ነጥብ ብቻ ይሆናል። አራት ነጥብ ቀለም ሲጋራ ቀዩ ወደ ጥቁሩ ይፈሳል፣ ቢጫው ይጠወልጋል። ሸማኔው በትክክል የሰራውን ስልኩ ያዛባዋል። ከዚያ አዲስ አበባ ያለው ደንበኛ «በፎቶ ያየሁት ቀለም እና የመጣልኝ አንድ አይደለም» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ዌብፒ ይህንን አይፈታውም፣ በግልጽ ልንገራችሁ። ቆራጩ የዌብፒ አይነት ሁልጊዜ ቀለምን ለአራት ነጥብ አንድ ጊዜ ነው የሚጽፈው፣ አማራጭ የለውም። ጄፔግ ቢያንስ ከተፈለገ ሙሉ ቀለም መያዝ ይችላል።

ታዲያ ዌብፒ ምን አመጣ? ከቪዲዮ ነው የመጣው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2010 ኦንቱ የሚባል የቪዲዮ ቴክኖሎጂ ኩባንያ ገዛ። በዚያው ዓመት በኩባንያው የቪዲዮ ዘዴ ላይ ተመስርቶ ዌብፒን አስተዋወቀ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ቪዲዮ ማለት የፎቶዎች ሰልፍ ነው፣ ሰዎች ደግሞ ቪዲዮን ለመጭመቅ ለብዙ ዓመት ጭንቅላታቸውን ሲያዞሩ ኖረዋል። የቪዲዮውን አንድ ፍሬም ብቻ ቆርጠን ፎቶ ብንለውስ? አሉ። ዌብፒ አንድ ሳጥን ከመጻፉ በፊት ከላይና ከግራ ያሉትን ጎረቤቶች አይቶ ይገምታል፣ ከዚያ ግምቱ የሳተበትን ልዩነት ብቻ ይጽፋል። ግምቱ ጥሩ ከሆነ የሚጻፈው ትንሽ ነው። ጉግል ራሱ ባወጣው ንጽጽር ዌብፒ በተመሳሳይ ጥራት ከጄፔግ ከ25 እስከ 34 በመቶ ያንሳል። ሳይቆርጥ የሚያጣጥፈው የዌብፒ አይነት ደግሞ ከፒኤንጂ 26 በመቶ ይቀንሳል። የራሱን ዕቃ የሚያሞግስ ሰው ያወጣው ቁጥር መሆኑን አትርሱ፣ ግን መቀነሱ እውነት ነው።

አንድ የዜና ድረገጽ ስትከፍቱ 300 ኬቢ የሆኑ 20 ፎቶዎች ቢኖሩት 6 ሜጋ ነው። በዌብፒ ወደ 4 ሜጋ ተኩል ወይም ወደ 4 ይወርዳል። ለአንድ ሰው ትንሽ ይመስላል። ኔትወርኩ ደካማ የሆነበት ቀበሌ ተቀምጦ ገጹ እስኪከፈት ለሚጠብቅ ግን ልዩነቱ በመክፈትና በመተው መሃል ነው። (የፓኬጃችን ዋና በላተኛ ቲክቶክ እንጂ ፎቶ እንዳልሆነ ግን እንመን። ቴሌግራም ላይ በሞባይል ዳታ ቪዲዮ ራሱ እንዳያወርድ ሴቲንግ ውስጥ ብትዘጉት ከየትኛውም ፎርማት በላይ ታተርፋላችሁ።)

ከዌብፒ በኋላ የመጣው ኤቪፍ ነው። ይሄም የቪዲዮ ልጅ ነው። ጉግል፣ ኔትፍሊክስ፣ አማዞን፣ ማይክሮሶፍትና ሞዚላ ተሰባስበው ለማንም ክፍያ የማይጠየቅበት ኤቪዋን የሚባል የቪዲዮ ዘዴ ሰሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 ከእሱ የፎቶ ፎርማት ወጣ። ጄፔግ 8 በ8 ሳጥን ሲጠቀም ኤቪፍ እንደየቦታው ከትንሽ እስከ 128 በ128 የሚደርስ ሳጥን ይመርጣል፤ ለሰማዩ ትልቅ፣ ለቅጠሉ ትንሽ። ብዙ ጊዜ ፋይሉ ከጄፔግ ግማሽ ገደማ ይሆናል። ሙሉ ቀለም መያዝም ይችላል፣ ለድንጉዛው ከዌብፒ የሚሻለው በዚህ ነው። ችግሩ ለመጭመቅ ጊዜ ይወስዳል፣ ቆየት ያሉ ስልኮችም ላያውቁት ይችላሉ። አንድሮይድ ኤቪፍን በራሱ መክፈት የጀመረው ከ12ኛው ቨርዥን፣ ከ2021 ወዲህ ነው። ከመጠን በላይ ሲጨመቅ ደግሞ እንደ ጄፔግ ሳጥን አያሳይም፣ ያለሰልሰዋል። ይሄ ፊት ላይ ያምራል፤ ፈትል ላይ ግን ሸማው ፕላስቲክ ይመስላል።

ከውጭ ያሉ ዘመዶች አይፎናቸው ላይ አንስተው በፋይል የሚልኩት፣ አሮጌ አንድሮይድ ላይ የማይከፈተው ደግሞ ኤችኢአይሲ ይባላል። አፕል ከ2017 ጀምሮ ነው የሚጠቀመው። አይፎን ካላቸው ሴቲንግ፣ ካሜራ፣ ፎርማት ገብተው «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን ይንኩ በሏቸው፣ ከዚያ ወዲህ የሚያነሱት በጄፔግ ይሆናል። ጄፔግ ኤክስኤል የሚባልም አለ፣ የድሮ ጄፔግን ምንም ሳይቆርጥ ወደ 20 በመቶ ማሳነስ የሚችል። ጉግል በ2022 ከክሮም እንደሚያወጣው ተናገረ፣ አፕል በ2023 ሳፋሪ ውስጥ አስገባው። የትላልቆች ጠብ ነው፣ እንለፈው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ። ድረገጹ ላይ ጄፔግ የነበረ ፎቶ እናንተ ጋ ሲደርስ ለምን ዌብፒ ሆነ? ብራውዘራችሁ ገጽ ሲከፍት ለሰርቨሩ «እኔ ዌብፒም ኤቪፍም አውቃለሁ» ብሎ ይናገራል። ሰርቨሩም ከአንድ ፎቶ የተዘጋጁ ብዙ ቅጂዎች ካሉት ለእናንተ የሚቀለውን ይሰጣል። ሴቭ ስትሉ የሚቀመጠው የደረሳችሁ ቅጂ ነው። ፎርሙን የሰራው ባለሙያ ደግሞ ጄፔግና ፒኤንጂ ብቻ ብሎ ዘግቶታል። ጥፋቱ የፎቶው አይደለም።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሞክረው የፋይሉን ስም መቀየር ነው፤ ዌብፒን አጥፍቶ ጄፒጂ ብሎ መጻፍ። የሙዝ ካርቶን ላይ «ማንጎ» ብሎ እንደመጻፍ ነው። አንዳንድ አፕ ውስጡን ስለሚያይ ይከፍተዋል፣ ፎርሙ ግን ውስጡን ካየ ይመልሰዋል። ሳይመልሰው ተቀብሎ በኋላ የሚያየው ሰው መክፈት ሲያቅተው ደግሞ የባሰ ነው፣ ማመልከቻችሁ ያለ ፎቶ ገባ ማለት ነው። ትክክለኛው መንገድ መቀየር ነው። በብዙ ስልክ ጋለሪ ውስጥ ኤዲት ብላችሁ ትንሽ ክሮፕ አድርጋችሁ ስታስቀምጡ አዲሱ ቅጂ በጄፔግ ይወጣል። ካልሆነ ስኩሽ የሚባል የጉግል ክሮም ልጆች የሰሩት ነጻ ገጽ አለ፤ ክሮም ላይ ስኩሽ ዶት አፕ ብላችሁ ክፈቱት። ደስ የሚለው ስራው በሙሉ እዚያው ስልካችሁ ላይ ነው የሚሰራው፣ ፎቶው ወደ የትም አይላክም። ፎርሙ «ከ200 ኬቢ አይብለጥ» ካለም የጥራቱን መስመር እየጎተታችሁ ፋይሉ ስንት ኬቢ እንደሚሆን እያያችሁ ማሳነስ ትችላላችሁ።

ጉግል ላይ «ፎቶ መቀየሪያ» ብላችሁ ያገኛችሁት የማታውቁት ገጽ ላይ ግን መታወቂያ፣ ፓስፖርት ወይም የትምህርት ማስረጃ አትጫኑ። ብዙዎቹ ፋይሉን ወደ ራሳቸው ሰርቨር ወስደው ነው የሚቀይሩት። ከዚያ በኋላ የት እንደሚያስቀምጡት እናንተ አትቆጣጠሩም።

አሁን ከሁሉም በላይ ልብ የምትሉበት ነገር ልንገራችሁ። መስከረም 2011 ላይ፣ ቡራዩ ውስጥ በጋሞ ተወላጆች ላይ ጥቃት ከደረሰ በኋላ፣ አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል የተነሳውን ወጣት አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው ተንበርክከው መለሱት። ፎቶው አገሩን ሁሉ አዳረሰ። ፕሮፋይል ያላደረገው፣ ሼር ያላደረገው ጥቂት ነው። አሁን ስልካችሁ ውስጥ ካለ ክፈቱትና የአባቶችን ፊት አጉሉ። እርግጠኛ ነኝ የብዙዎቻችሁ ጭጋግ ነው የሚሆነው።

ምክንያቱም ቆራጭ ፎርማት በተቀመጠ ቁጥር እንደገና ይቆርጣል። ፌስቡክ ላይ ሲጫን ይጨመቃል። አንዱ ከፌስቡክ ሴቭ አድርጎ ቴሌግራም ላይ ሲጭነው እንደገና። ሌላው ስክሪንሹት አንስቶ ጽሑፍ ጨምሮበት ሲለጥፈው እንደገና። እያንዳንዱ ዙር ያለፈውን ዙር ጉድፍ እንደ እውነተኛ ፎቶ ቆጥሮ በእሱ ላይ ነው የሚቆርጠው። በፎቶ ኮፒ ላይ ፎቶ ኮፒ እንደማንሳት አስቡት። ስሙን ከጄፔግ ወደ ዌብፒ ወይም ኤቪፍ መለወጥ ይህንን አያድነውም፣ የጠፋው ጠፍቷል። እንዲህ ያለ ፎቶ የሚተርፈው አንድ ሰው ካሜራው ያወጣውን የመጀመሪያውን ፋይል ሳይነካ ካስቀመጠ ብቻ ነው።

ስለዚህ ቴሌግራም ላይ የሚቀመጥ ነገር ስትልኩ «ፋይል» ብላችሁ ላኩ። በተለመደው አላላክ ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል፤ 12 ሚሊዮን ነጥብ የነበረው ወደ 1.2 ሚሊዮን፣ አንድ አስረኛ ይሆናል ማለት ነው። ለሰላምታ ፎቶ ይበቃል። ለሠርግ ፎቶ፣ ለአያት ፎቶ፣ ለዶክመንት አይበቃም። ዋትስአፕም ከ2023 ወዲህ «ኤችዲ» የሚል ምልክት አለው፣ ንኩት። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ በፋይል የተላከ ፎቶ ካሜራው የጻፈበትን መረጃ ይዞ ይሄዳል። የካሜራችሁ ሎኬሽን በርቶ ከነበረ ቤታችሁ ያለበት ቦታ እዚያው ውስጥ አለ። ለማታውቁት ሰው አትላኩ።

ጥበብ ለምትሸጡ ደግሞ፦ ሙሉውን ልብስ አንድ ፎቶ፣ ከዚያ ጥለቱን በጣም ቀርባችሁ ሌላ ፎቶ አንሱ። ቅርብ ሲሆን አንዱ መስመር ብዙ ነጥብ ይይዛል፣ ቀለም ቢጋራም አይደፈርስም። በጥላ ውስጥ፣ በቀን ብርሃን። ትልቅ ትዕዛዝ የሚያዝ ደንበኛ ከመጣ የቅርቡን ፎቶ በፋይል ላኩለት። 4 ሜጋ ይወስዳል፣ ግን በአውቶቡስ ከሚመለስ ዕቃ ይረክሳል።

የመጨረሻው ነገር ስለ ቫይረሱ ነው፤ ዌብፒ ቫይረስ አይደለም ብያችኋለሁ፣ ግን አንድ ጊዜ በር ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 የአፕል የደህንነት ቡድንና በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲትዝን ላብ (በኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞች ላይ ስለተደረገ የኮምፒውተር ስለላ ሪፖርት ያወጣው ያው ተቋም ነው) ዌብፒን የሚከፍተው ኮድ ውስጥ ከባድ ቀዳዳ አግኝተው ለጉግል አሳወቁ። ሆን ተብሎ የተሰራ አንድ ፎቶ መሳሪያችሁ ላይ የሌላ ሰው ትዕዛዝ እንዲሰራ ማድረግ ይችል ነበር። ጉግል ቀዳዳውን የሚጠቀም ሰው እንዳለ እንደሚያውቅ ተናግሮ በቀናት ውስጥ ክሮምን አስተካከለ፣ ፋየርፎክስና ሌሎችም ተከተሉ። ያኔ የተስተካከለው ግን አፕዴት ላደረገ ሰው ብቻ ነው። ዳታ እንዳይበላ ብሎ አፕዴት ዘግቶ ሁለት ሦስት ዓመት የቆየ ስልክ፣ ወይም በዜንደር ከጓደኛ የተወሰደ አሮጌ ብራውዘር፣ ቀዳዳውን እስካሁን ይዞት ሊሆን ይችላል። ፕሌይ ስቶር ሴቲንግ ውስጥ አፕዴት «በዋይፋይ ብቻ» የሚል ምርጫ አለ። እሱን አብሩትና ካምፓስም ሆነ ካፌ ዋይፋይ ስታገኙ መጀመሪያ ክሮምን፣ ቀጥሎ ቴሌግራምን አድሱ።